ግንብ ሳይጀመር ወጪው ይታሰባል

ስለ 12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ዝግጅት ለምእመናንና ለካቴኪስቶች የቀረበ ስብከት



ብዙ ሕዝብ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስን ይከተል በነበረ ጊዜ፣ እርሱ ዘወር ብሎ ደቀ መዝሙር መሆን ምን እንደሚያስከፍል ነገራቸው። ምሳሌውንም ከሕንፃ ሥራ ወሰደ። ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያሰላል፤ ለመጨረስ የሚበቃው መሆኑንም ይመረምራል። እንዲህ ሳያደርግ መሠረቱን ጥሎ መደምደም ቢያቅተው የሚያዩት ሁሉ ይዘብቱበታል (ሉቃ 14፥28-30)። ጌታችን ይህን የተናገረው እርሱን ስለ መከተል እንጂ ስለ ትምህርት ክፍያ አለመሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሰማያዊውን ነገር ያስተማረው እያንዳንዱ አባወራ በቤቱ ከሚያውቀው ማስተዋል ተነሥቶ ነው። ሰውየው ሲያሰላ ተቀምጧል፤ እየሮጠ ወይም የጎረቤቱን ግንብ እያየ አላሰላም። በእርጋታ ተቀምጦ፣ ሥራው ሳይጀመር፣ እውነቱን ቆጥሯል።

በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶ፣ በሚኤሶና በአካባቢያቸው ባሉ ቀበሌዎች ልጆቻቸውን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚልኩ ወላጆች ሁሉ ግንብ ሠሪዎች ናቸው። ግንቡም ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልንል የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ የልጆቻችን ትምህርት የሚያስከፍለውን ዋጋ በጊዜ፣ በእውነትና በኅብረት ተቀምጠን እናስላ። በጊዜ ስንል ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማለታችን ነው። በእውነት ስንል ያለውን ሁኔታ ሳንሸፋፍን፣ በኅብረት ስንል ደግሞ ሸክሙን ለአንድ ቤት ብቻ ሳንተው ማለታችን ነው።

1. ቁጥሮቹ የሚነግሩን

ስሌት የሚጀምረው ካለው እውነት ነውና አስቀድመን እርሱን እንመልከት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ትምህርታቸውን የጨረሱ ተማሪዎች አገር አቀፉን ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሆነው ወሰዱ፤ ፈተናው የተሰጠውም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነበር። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 29,909 ወይም 3.3 በመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 27,267 ተማሪዎች ወይም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 36,409 ወይም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 48,929 ወይም 8.4 በመቶ አለፉ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ቁጥር 1,328 ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች የሰማ ወላጅ ሁለት ዓይነት ፈተና ይገጥመዋል። አንደኛው ተስፋ ቆርጦ «ታዲያ ምን ያደርጋል? ከመማር ጫቱን ቢጠብቅ፣ ሱቅ ቢቀመጥ ይሻለዋል» ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥሩ የሌላ ሰውን ልጅ እንጂ የእርሱን ልጅ እንደማይመለከት ማሰብ ነው። ሁለቱም ተቀምጦ ማስላት አይባሉም። አስተዋይ ሰው ቁጥሩን አይቶ ሁለት ነገር ይገነዘባል። የመጀመሪያው፣ ፈተናውን ማለፍ የሚቻል ቢሆንም የአራት ዓመት ሥራን እንደሚጠይቅ ነው፤ የማለፊያው መጠን ከ2015 ዓ.ም. ፈተና በኋላ ከፍ ማለቱም ሥራ ፍሬ እንዳለው ያሳያል። ሁለተኛው፣ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት ነጥቡን ስለማያገኙ ዝግጅታችን ለሚያልፉት ብቻ ሳይሆን ለማያልፉትም ጭምር መሆን እንዳለበት ነው። የሚያልፈውን ብቻ የሚያዘጋጅ ቤት ለብዙዎቹ ልጆቹ ምንም አላዘጋጀም።

2. ከገንዘብ የሚቀድም ወጪ

ብዙዎቻችን ወጪ ሲባል ገንዘብ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ለትምህርት የሚከፈለው የመጀመሪያው ዋጋ ጊዜ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ደጋማ ቀበሌዎች ቡና በሚለቀምበት፣ ማሽላ በሚጠበቅበትና በሚታጨድበት ወቅት የልጁ እጅ ያስፈልጋል። ጫትም ክረምት ከበጋ መቆረጥ፣ መታሰርና ሳይጠወልግ ለገበያ መድረስ አለበት። ወላጅ ልጁን በሥራ ላይ ማሰማራቱ ክፋት የለበትም፤ ልጅ ሥራን የሚማረው ከአባትና ከእናቱ ጋር ሲሠራ ነው። ሆኖም የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ከትምህርት የሚቀር ተማሪ በሳምንት አንድ ቀን ቢጎድል፣ ከአምስቱ የትምህርት ቀናት አንዱን፣ ማለትም የዓመቱን ትምህርት አንድ አምስተኛ አጣ ማለት ነው። ይህን ጉድለት በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ በአንድ ወር ጥናት መሙላት አይቻልም።

የሴት ልጆቻችን ጊዜ ደግሞ ከሁሉ በበለጠ ይባክናል። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እሳት አንድዳ፣ ታናናሾቿን አብልታ፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ደብተሯን የምትገልጥ ልጅ ከወንድሟ ጋር እኩል ተፈተነች ሊባል አይችልም። ጌታችን በማርታ ቤት ሳለ ማርያም ከእግሩ ሥር ተቀምጣ ትሰማ ዘንድ እንደ ፈቀደላት፣ ለማርያምም የመረጠችው እንዳይወሰድባት እንዳደረገ እናስታውስ (ሉቃ 10፥38-42)። በየምሽቱ ለሴት ልጃችን ሁለት ሰዓት ብንሰጣት የምናወጣው ገንዘብ የለም፤ ወንዶች ልጆቻችን ውኃ እንዲቀዱና እንጨት እንዲያመጡ ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ወጪ ቋንቋ ነው። በአካባቢያችን ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ግን ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ትናንት ትምህርቱን ይረዳ የነበረ ጎበዝ ልጅ በአንድ ክረምት ውስጥ ዝምተኛ ይሆናል፤ ወላጁም «ልጄ ሰነፈ» ይላል። ልጁ የተቸገረው ትምህርቱ የመጣበትን ቋንቋ ስላልለመደ እንጂ ስለ ሰነፈ አይደለም። ስለዚህ በ8ኛና በ9ኛ ክፍል መካከል ያለው ክረምት ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ክረምት መሆኑን ካቴኪስቶች ለወላጆች እንድትነግሩ እንለምናችኋለን። በቁምስናው አዳራሽ በሳምንት ሦስት ቀን የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ንባብ በ12ኛ ክፍል ከሚደረገው ሩጫ ሁሉ ይበልጣል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

3. የገንዘቡ ወጪ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ መኝታና ምግብ ስለሚያገኝ፣ «ልጄ ገባልኝ፤ ከእንግዲህ የመንግሥት ነው» የሚሉ ወላጆች አሉ። ነገር ግን ዝርዝሩን ተቀምጠን እንጻፈው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ተፈታኙ ከቤቱ ርቆ የሚያድርባቸው ቀናት አሉ። ምደባው አገር አቀፍ በመሆኑ የጭሮ ልጅ በዚያው በጭሮ ወዳለው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ሊመደብ እንደሚችል ሁሉ ወደ ሐረማያ፣ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አርባ ምንጭም ሊላክ ይችላል። የመንገድ ወጪ፣ ብርድ ልብስና አንሶላ፣ ቁልፍ፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ የጽሑፍ ማባዣ ክፍያ፣ ልብስና ጫማ፣ ለሕመም ቀን የሚሆን መጠባበቂያ፣ ሴት ተማሪዎች በየወሩ የሚያስፈልጋቸው የንጽሕና መጠበቂያ፣ ይህ ሁሉ ከቤት የሚወጣ ነው።

ከዚህም ሌላ የወጪ መጋራት የሚባለው አለ። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የተጀመረው ይህ ሥርዓት ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን፣ ከተመረቀና ሥራ ከያዘ በኋላ ከገቢው እየተቀነሰ እንዲመልስ ያደርጋል። ተማሪው በምዝገባ ጊዜ የሚፈርመው ውል ይህ ነው። ብዙዎቹ ሳያነቡት ይፈርማሉ፤ ከዓመታት በኋላም እንደ ድንገተኛ ዕዳ ይደነግጡበታል። ዕዳን አውቆ መግባት ክብር ነው፤ ሳያውቁ መግባት ግን መሠረቱን ጥሎ እንደ ቆመው ግንበኛ መሆን ነው። ወላጆች ከልጃችሁ ጋር ውሉን አንብቡ። ማንበብ የማትችሉ ካላችሁ ካቴኪስቱ ወይም መምህሩ ያንብብላችሁ።

በግል ኮሌጅ የሚማር ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ክፍያውን ለመጀመሪያው ወር ብቻ ሳይሆን እስከ ምረቃው ድረስ ደምረው ማየት ይገባቸዋል። ኮሌጁ የሚያስተምርበት የሙያ ዘርፍ ዕውቅና ያለው መሆኑንም ከመክፈላቸው በፊት ያጣሩ። ላም ተሽጦ የተከፈለበት ዲፕሎማ ዕውቅና የሌለው ሆኖ ሲገኝ፣ ላሟም የልጁም ዓመታት አይመለሱም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የቡናው ገንዘብ ከመኸር በኋላ በአንድ ጊዜ ይገባል፤ በአንድ ጊዜም ይወጣል። የትምህርት ወጪ ግን መኸርን አይጠብቅም። ስለዚህ የዘንድሮው ቡና የሚሸፍነው የመጪውን ዓመት ምዝገባ መሆን አለበት። ልጁ 9ኛ ክፍል ከገባበት ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ 25 ብር የሚያስቀምጥ ቤተሰብ በአራት ዓመት 5,200 ብር፣ 50 ብር የሚያስቀምጥ ደግሞ 10,400 ብር ይኖረዋል። የገንዘብ የመግዛት ዐቅም እየቀነሰ እንደሚሄድ ስለምናውቅ በልጁ ስም አንዲት በግ ወይም ፍየል ማርባትም ብልህነት ነው። ልጁ ራሱ ያሳድጋት፤ ዘርዋንም ይቁጠር። እንዲህ ያደገ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ያውቃልና በቀላሉ አያባክንም።

4. ምርቃትና ምርቃና

የአማርኛ ቋንቋችን ለትምህርት ፍጻሜ የሰጠው ስም ድንቅ ነው፤ ምርቃት ይለዋል። ምርቃት ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ የሚሰጠው ቡራኬ ነው። አባታችን ይስሐቅ ያዕቆብን፣ ያዕቆብም የዮሴፍን ልጆች መረቀ። ምርቃት የሚቀበለው ሰው በመራቂው ፊት ዝቅ ይላል፤ ከተነሣ በኋላም ያንን ቡራኬ ለሌሎች ይዞ ይሄዳል። የተመረቀ ተማሪ ማለት እንግዲህ የተባረከና ለበረከት የተላከ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ስም ዙሪያ ዛሬ ሦስት ነገሮች ተጠግተዋል። አንደኛው ድግስ ነው። ልጁ ከ8ኛ ክፍል ሲያልፍ፣ 12ኛን ሲጨርስ፣ ውጤቱ ገና ሳይታወቅ፣ ፎቶግራፍ፣ አዲስ ልብስ፣ የሚታረድ በግ፣ የሚጠራ ጎረቤት ይበዛል። ደስታን በኅብረት ማክበር መልካም ባህላችን ነው፤ ጌታችንም በቃና ሰርግ ተገኝቷል። ነገር ግን ለአንድ ቀን ድግስ ተበድሮ ለምዝገባ ቀን የመንገድ ገንዘብ የሚያጣ ቤተሰብ የግንቡን ድንጋይ ለእንግዶች መቀመጫ አደረገው ማለት ነው። ቡናና ዳቦ ቀርቦ፣ ሽማግሌዎች መርቀው፣ እያንዳንዱ ተጋባዥ በሳህን የሚሰጣትን ትንሽ ስጦታ ለልጁ ትምህርት መጀመሪያ ብናደርጋት ምርቃቱ እውነተኛ ምርቃት ይሆናል።

ሁለተኛው ምርቃና ነው። ጫት ለአካባቢያችን ገበሬ መተዳደሪያ መሆኑን፣ ብዙ ደብተርና ጫማ የተገዛውም ከጫት ሽያጭ መሆኑን አንክድም። ተማሪዎቻችን ግን «ለጥናት ነው» እያሉ ሌሊቱን ሲቅሙ ያድራሉ። ምርቃናው ሲመጣ ሁሉም ነገር የገባቸው ይመስላቸዋል፤ ሲወርድ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ አካልና የተበታተነ አሳብ ይቀራል። በፈተናው ግቢ ውስጥ ጫት የለም። በጫት ብቻ ማጥናት የለመደ ልጅ በዚያች ዕለት ጥናቱንም ድፍረቱንም ከቤቱ ትቶ እንደሄደ ይቆጠራል። ምርቃትና ምርቃና በድምፅ ይቀራረባሉ፤ በፍሬያቸው ግን የተራራቁ ናቸው።

ሦስተኛው ስርቆት ነው። በ2008 ዓ.ም. አገር አቀፉ ፈተና አስቀድሞ ሾልኮ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና እንዲሰጥ ተደረገ። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተወሰደውም ኩረጃና ስርቆት በመብዛቱ ነው። «መልስ እንልክላችኋለን» እያሉ ከወላጆችና ከተማሪዎች ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ያለውን ገንዘብ የሚከፍል ወላጅ ለልጁ የሚገዛለት ውሸትን ነው። ሰባተኛው ትእዛዝ የሌላውን ላብ መውሰድን፣ ስምንተኛውም በሐሰት መመስከርን ይከለክላሉ፤ የተሰረቀ ውጤት ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ያፈርሳል። ነገ ይህ ልጅ ሐኪም ቢሆን በሽተኛው፣ መሐንዲስ ቢሆን በድልድዩ ላይ የሚያልፈው ሰው ዕዳውን ይከፍላል። በእውነት የመጣ 40 ነጥብ በሐሰት ከመጣ 80 ነጥብ በእግዚአብሔር ፊት ይበልጣል፤ በወላጅም ፊት እንዲህ ሊሆን ይገባዋል። ልጆቻችን ይህን አስቀድመው ከአፋችን ካልሰሙ በፈተናው ዋዜማ ሌላ ድምፅ ይሰማሉ።

5. ጦብያ ብቻውን አልሄደም

ልጅን ወደ ሩቅ አገር ስለ መላክ ቅዱሳት መጻሕፍት ከሚነግሩን ሁሉ ውብ የሆነው መጽሐፈ ጦቢት ነው። አረጋዊው ጦቢት ዓይኑ ታውሮና ደኽይቶ ሳለ በሩቅ አገር በአደራ ያስቀመጠውን ብር አስታወሰ፤ ልጁን ጦብያንም ሊልከው ወሰነ። እንዴት አድርጎ እንደላከው እናስተውል። በመጀመሪያ አስቀመጠውና መከረው፤ እናቱን እንዲያከብር፣ ከድሀ ፊቱን እንዳያዞር፣ የሠራተኛን ደመወዝ እንዳያሳድር፣ ከአስተዋይ ሰው ምክር እንዲጠይቅ ነገረው (ጦቢት ምዕ. 4)። ቀጥሎ መንገዱን የሚያውቅ የታመነ ጓደኛ እንዲፈልግ አዘዘው፤ የቀኑንም ደመወዝ ቆርጦ ተዋዋለ። የተገኘው ጓደኛ መልአኩ ቅዱስ ሩፋኤል ነበር። እናቱ ሐና ግን አለቀሰች፤ ገንዘቡ ቢቀር ልጇ እንዳይለያት ወደደች (ጦቢት ምዕ. 5)። በአውቶቡስ መናኸሪያ ቆመው ልጃቸውን የሚሸኙ እናቶች ሁሉ የሐናን ዕንባ ያውቁታል።

ጦቢት ልጁን ያለ ምክር፣ ያለ ጓደኛና ያለ ስሌት አልላከውም። እኛስ? በ17 እና በ18 ዓመቱ ከጭሮ ተነሥቶ ማንንም ወደማያውቅበት ከተማ የሚሄድ ልጅ በዚያ የሚቀበለው ሰው ሊኖር ይገባል። ካቴኪስቶች፣ ሥራችሁ እዚህ ላይ ነው። ተማሪው የተመደበበት ከተማ ቁምስና ወይም የካቶሊክ ተማሪዎች ኅብረት ካለው፣ ከመነሣቱ በፊት የአደራ ደብዳቤ ይጻፍለት፤ ስልክም ይደወልለት። ቀድመው የገቡ ልጆቻችንም አዲሶቹን በመናኸሪያ እንዲቀበሉ ይነገራቸው። የ2016 እና የ2017 ዓ.ም. ውጤቶች የተነገሩት በዘመን መለወጫ ሰሞን ነበር፤ በአገራችንም የቅዱስ ሩፋኤል በዓል የሚከበረው በዚያው ሰሞን ጳጉሜን 3 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ ፍጻሜ ተጓዦቹን ወደ መንበረ ታቦቱ ፊት አቅርበን በሕዝብ ፊት ብንባርካቸው፣ ሩፋኤልን አስከትለን እንደላክናቸው ይሰማቸዋል።

ይህ የአደራ መንገድ ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም። የካፑቺን ሚሲዮናዊው አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ የሐረር ሐዋርያዊ ቪካር ነበሩ። ራስ መኮንን የልጃቸውን የተፈሪን ትምህርት በአደራ የሰጡት ለእርሳቸው ሲሆን፣ የቅርብ መምህሩ ሆነው የተመደቡት አባ ሳሙኤል ነበሩ። አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ጀልባ በሰጠመች ጊዜ ሕይወታቸው አለፈ። ያ ተማሪ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነ፤ አሰበ ተፈሪም የተሰየመችው በእርሱ ስም ነው። ከተማይቱን ከማልማት ጋር ስማቸው የሚነሣው የጨርጨር ገዥ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በልጅነታቸው ከአድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩስያ ሄደው፣ በሰው አገር በሰው እጅ ያደጉና የተማሩ ነበሩ። በኋላም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ ሆነዋል። የምንኖርባት ከተማ እንግዲህ ሌሎች የከፈሉት የትምህርት ዋጋ ያፈራት ናት። እኛም በተራችን ልንከፍል ይገባናል።

6. ግንቡ ላልደረሰለት

በጌታችን ምሳሌ ውስጥ የግንበኛው ሥቃይ ግንቡ መቅረቱ ብቻ አልነበረም፤ የሚያዩት ሰዎች መዘበታቸውም ነበር። ውጤት በሚነገርበት ሌሊት በየቤቱ የሚሆነውን እናውቃለን። ከበሩ ውጪ «የእገሌ ልጅ ስንት አመጣ?» የሚል ጥያቄ ይመላለሳል። አንዳንዱ ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ያቆማል፤ አንዱ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ሚኤሶ ወርዶ የስደቱን መንገድ ይይዛል። በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚወስደው መንገድ የስንት እናት ልጅ እንደቀረበት የምዕራብ ሐረርጌ ቤቶች ያውቃሉ። ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ በሬ ተሽጦ የሚገኝ ነው፤ የዚያ መንገድ ወጪ ግን በበሬ አይቆምም። ለአንድ ዓመት የሙያ ሥልጠና ገንዘብ የለኝም ያለ ቤት ለደላላ ብዙ ሲከፍል ስናይ ልባችን ያዝናል።

ስለዚህ ከውጤቱ በፊት፣ በሰኔ ወር ሳለን፣ ለልጆቻችን ይህን እንንገራቸው፤ «ብታልፍ ልጃችን ነህ፤ ባታልፍም ልጃችን ነህ።» ይህን ቃል ከውጤቱ በኋላ ብንናገረው ማጽናኛ ብቻ ይሆናል፤ አስቀድመን ከተናገርነው ግን ለልጁ መሠረት ይሆንለታል። ቀጥሎም ሁለተኛውን በር እናሳያቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማለፊያውን ነጥብ በጥቂት ላጡ ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ ሪሚዲያል የሚባለው፣ ተከፍቷል። ቴክኒክና ሙያ ትምህርትም አለ። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ብረት የሚበይድ፣ ልብስ የሚሰፋ፣ ሞተር የሚጠግን ሰው ያልተማረ ሰው አይደለም። ጌታችን እስከ 30 ዓመቱ በዮሴፍ አናጢነት ቤት አድጓል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ወንጌልን እየሰበከ ድንኳን ይሰፋ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን የተፈታኞች ጠባቂ አድርጋ የምታየው ቅዱስ ዮሴፍ ዘኩፐርቲኖ እ.ኤ.አ. በ1603 በጣሊያን አገር ከድሀ ቤተሰብ የተወለደ ነው። ትምህርት እጅግ ይከብደው ነበር። ሐረርጌን ያስተማሩት የካፑቺን ማኅበር አባቶች እንኳ በዚያ ዘመን ተቀብለውት ነበርና መልሰው አሰናበቱት። በኋላ በሌላው የፍራንቸስኮስ ማኅበር ገባ፤ ባጠናት አንዲት የወንጌል ክፍል ተጠይቆ ፈተናውን እንዳለፈ ይተረክለታል፤ በ1628 ክህነት ተቀበለ። ተማሪዎች ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ እንዳይሰሙ እንጠንቀቅ። ዮሴፍ ያችን ክፍል አጥንቷት ነበር። ተሰናብቶ በነበረ ጊዜም በጋጣ ውስጥ እያገለገለ ቆይቷል፤ ዝቅ ያለውን ሥራ አልናቀም። የአገራችን ልጅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም አንድ ዓይናቸውን በልጅነት አጥተው ሳለ ከጎጃም እስከ ጎንደር፣ እስከ ትግራይ ገዳማት፣ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋርም እስከ ሮም እውነትን ፍለጋ ተጉዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1855 በእስር ሳሉ ያረፉት የዚያን ፍለጋ ዋጋ ከፍለው ነው። ቅድስና በነጥብ አይለካም።

7. በየቁምስናው ሊደረግ የሚገባው

ቃላችን በአየር ላይ እንዳይቀር በየቁምስናው እነዚህ አምስት ነገሮች ከዚህ ዓመት ጀምሮ እንዲደረጉ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ካቴኪስቱ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ስም በመዝገብ ይያዝ፤ የማይመጣውን በቤቱ ይጎብኝ።

ሁለተኛ፣ የቁምስናው አዳራሽ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ምሽት መብራት በርቶለት የጥናት ቤት ይሁን። ለሴት ልጆች በሰላም ወደ ቤት የሚመለሱበት ሰዓትና አድራሽ ይዘጋጅ። ይህ የጥናት ቤት ለካቶሊካውያን ልጆች ብቻ አይደለም። እኛ በዚህ አገር ቁጥራችን ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች፣ ብዙዎችም ኦርቶዶክሳውያን ናቸው። በአንድ ወንበር የተማሩትን ልጆች በጥናት ሰዓት አንለያያቸውም።

ሦስተኛ፣ በየማኅበሩ ወይም በየዕድሩ አንድ አነስተኛ የትምህርት ሣጥን ይከፈት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሒሳቡ በሁለት ሰዎች ይያዝ፤ በየሦስት ወሩም በሕዝብ ፊት ይነበብ። ከሣጥኑ የተረዳ ተማሪ ሥራ በያዘ ጊዜ ለሌላው መልሶ እንዲሰጥ በፈቃዱ ቃል ይግባ።

አራተኛ፣ በዩኒቨርሲቲና በሙያ ኮሌጅ የሚማሩ ልጆቻችን ለዕረፍት ሲመጡ ከታናናሾቻቸው ጋር ተቀምጠው ስለ ፈተናው፣ ስለ ምዝገባው፣ ስለ ግቢው ኑሮና ስለ ወጪ መጋራት ውሉ ያስረዱ። ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት በእነርሱ ዘንድ አለ።

አምስተኛ፣ ውጤት በተነገረ ሳምንት ካቴኪስቱ አስቀድሞ የሚጎበኘው ያላለፉትን ይሁን። ያለፉት ብዙ እንግዳ አላቸው።

የተወደዳችሁ፣ አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ የያዘው ብላቴና ያለውን ቆጥሮ ነበር፤ ሐዋርያው እንድርያስም ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ይህ ምን ይሆናል ብሎ ነበር (ዮሐ 6፥9)። ቁጥሩ እውነት ነበር፤ አልበቃም። ነገር ግን ተቆጥሮ፣ ሳይደበቅ፣ በጌታ እጅ ከተሰጠ በኋላ በቃ። እኛም ያለንን ተቀምጠን እንቁጠር፤ 25 ብራችንን፣ ሁለት የምሽት ሰዓታችንን፣ አንዲት በጋችንን፣ የአዳራሻችንን መብራት በእጁ እናኑር። የሚያበዛው እርሱ ነው።

የጥበብ ሁሉ ምንጭ የሆንህ አምላካችን ሆይ፣ ለጥናት የሚነሡትን አበርታ፤ ወደ ፈተና የሚገቡትን በእውነት አጽና፤ ወደ ሩቅ የሚጓዙትን በመልአክህ ጠብቅ፤ ውጤት ያጡትን ተስፋ አታሳጣቸው፤ የወላጆችን ላብ ባርክ። ግንባችንንም አንተ ፈጽምልን፤ በአንድያ ልጅህ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ። አሜን።